የሞገድ ወንፊት፦ የማይክሮዌቭ ማጣሪያና ኮፕለር ምንድን ናቸው? እንዴትስ ይነደፋሉ?

ስንዴው ማሸት በጀመረበት ሰሞን አንድ አርሶ አደር በማሳው ላይ የዋግ ምልክት አይቶ ምክር ለማግኘት ወደ 8028 ነጻ የስልክ መስመር ይደውላል። ድምፁ ከእጅ ስልኩ ወጥቶ በጋራው ላይ ወደቆመው የስልክ ማማ ይደርሳል። በዚያው ቅጽበት ማማው የሌሎችን ደዋዮች መልእክት ወደ ታች እየላከ ነው። አንድ አንቴና በአንድ ጊዜ እየጮኸ እንዴት ሊሰማ ይችላል? የዚህ ጥያቄ መልስ በማማው ላይ በተሰቀለው ሣጥን ውስጥ የሚገኝ፣ ብዙዎች ስሙን እንኳ የማያውቁት ዕቃ ነው። እርሱም የማይክሮዌቭ ማጣሪያ ይባላል። የቅርብ ዘመዱ ደግሞ ኮፕለር ነው።

የሁለቱን ተግባር፣ የአሠራራቸውን መሠረት እንዲሁም ባለሙያዎች እነርሱን በመጠን ለማሳነስና በባንድ ለማስፋት የሚያደርጉትን ጥረት እንደሚከተለው እንመለከታለን።

ማጣሪያ፦ ፍሬን ከገለባ መለየት

ማይክሮዌቭ በሰከንድ ከ300 ሚሊዮን ጊዜ ጀምሮ እስከ 300 ቢሊዮን ጊዜ ድረስ ለሚርገበገብ የራዲዮ ሞገድ የተሰጠ ስም ነው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን እርግብግቢት አንድ ጊጋኸርዝ፣ አንድ ሚሊዮን ደግሞ አንድ ሜጋኸርዝ ይባላል። የእጅ ስልክ፣ ዋይፋይ፣ የሳተላይት ቴሌቪዥን፣ የአየር ትንበያ ራዳር ሁሉም በዚህ ክልል ውስጥ ይሠራሉ። ስለዚህ አየሩ በሞገድ የተሞላ ነው። አንቴና ደግሞ የሚፈልገውንና የማይፈልገውን በሚገባ አይለይም፤ የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላል። መለየት የማጣሪያው ሥራ ነው።

ወንፊት ዱቄትን ከእንክርዳድ የሚለየው በመጠን ነው። የማይክሮዌቭ ማጣሪያ ግን ሞገድን የሚለየው በድግግሞሹ፣ ማለትም በሰከንድ በሚርገበገብበት ቁጥር ነው። በአሠራሩም በአራት ይከፈላል። ዝቅተኛውን ድግግሞሽ አሳልፎ ከፍተኛውን የሚያግድ አለ፤ ከፍተኛውን አሳልፎ ዝቅተኛውን የሚያግድ አለ፤ በመካከል ያለውን ባንድ ብቻ የሚያሳልፍ አለ፤ በተቃራኒው የመካከሉን ብቻ የሚያግድም አለ። በመገናኛ መሣሪያዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሦስተኛው፣ ባንድ አሳላፊው ነው።

በ900 ሜጋኸርዝ የስልክ አገልግሎት ስልኮች ወደ ማማው የሚልኩት ከ880 እስከ 915 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ ማማው ወደ ስልኮች የሚልከው ከ925 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት 10 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ማማው 20 ዋት ኃይል ሲያወጣ፣ ከሩቅ ስልክ የሚደርሰው ደካማ ሞገድ ከአንድ ዋት አሥር ትሪሊዮንኛ ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ልዩነት ሁለት መቶ ትሪሊዮን እጥፍ ነው። በመካከላቸው የሚቆመው ማጣሪያ ቢላላ ማማው በራሱ ጩኸት ይደነቁራል። የሩቁ አርሶ አደር ጥሪም ሳይሰማ ይቀራል።

የክራር አውታርና የመዳብ መስመር

የማጣሪያ ልብ ሬዞናተር የሚባለው ክፍል ነው። ሬዞናተርን ለመረዳት የክራር አውታርን ማሰብ ይበቃል። አውታሩ ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል፤ ሲያጥር ይቀጥናል። ርዝመቱና ውጥረቱ እስካልተለወጡ ድረስም ሁልጊዜ በአንድ ቃና ይርገበገባል። እንደዚሁ አንድ የመዳብ መስመር ወይም የብረት ጉድጓድ የተወሰነ ርዝመት ሲኖረው በአንድ የተወሰነ ድግግሞሽ ብቻ አጥብቆ ይርገበገባል።

ሁለት ሬዞናተሮች ሲቀራረቡ የአንዱ እርግብግቢት ወደ ሌላው ይተላለፋል። ብዙዎቹን በመስመር ደርድሮ ሞገዱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ቃናው የተስማማው ሞገድ ይሻገራል፤ ያልተስማማው ወደ መጣበት ይመለሳል። የሬዞናተሮቹ ቁጥር በጨመረ መጠን የማጣሪያው ድንበር እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ይሆናል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ውስጥ ጥቂት ኃይል በሙቀት መልክ ስለሚባክን፣ ቁጥሩን ያለ ልክ ማብዛት ጠቃሚውን ሞገድም ያዳክማል። ነዳፊው ድንበርን በማጥበቅና ብክነትን በመቀነስ መካከል ሚዛን መጠበቅ አለበት።

ኮፕለር፦ የቦይ ማካፈያ

በመስኖ ሥራ የውኃ አባት ዋናውን ቦይ ሳያደርቅ ለእያንዳንዱ ማሳ የተመደበለትን ውኃ ያካፍላል። ኮፕለር በሞገድ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በዋናው መስመር ከሚሄደው ኃይል የተወሰነውን ድርሻ ወደ ሌላ መስመር ያወጣል። ድርሻው ግማሽ ሲሆን የ3 ዴሲቤል ኮፕለር፣ አንድ አሥረኛ ሲሆን የ10 ዴሲቤል፣ አንድ ሺህኛ ሲሆን የ30 ዴሲቤል ኮፕለር ይባላል።

አቅጣጫ ለይ የሚባለው ኮፕለር ከቦይ ማካፈያ የሚበልጥበት አንድ ችሎታ አለው። ወደ ፊት የሚሄደውን ሞገድ ተመትቶ ወደ ኋላ ከሚመለሰው መለየት ይችላል። ይህ ችሎታ በማማዎች ላይ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል። በክረምት ዝናብ በኬብል ማያያዣ ውስጥ ውኃ ቢገባ ወደ አንቴናው የሚሄደው ሞገድ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኮፕለሩ የተመለሰውን ኃይል ስለሚለካ፣ ልኩ ሲያልፍ የማስጠንቀቂያ ምልክት ወደ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይደርሳል። ጥገናውም አገልግሎቱ ፈጽሞ ከመቋረጡ በፊት ሊጀመር ይችላል።

ከየት ተነሣ?

የኤሌክትሪክ ሞገድ ማጣሪያ በአሜሪካው ጆርጅ ካምቤልና በጀርመኑ ካርል ዋግነር አማካኝነት፣ ሁለቱም በየፊናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ገደማ ተፈለሰፈ። ዓላማው በአንድ የስልክ ሽቦ ብዙ ንግግሮችን ሳይደባለቁ ማስተላለፍ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የራዳር አስፈላጊነት ጥናቱን ወደ ማይክሮዌቭ አሸጋገረው። በዚህም በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1945 የሠራው የራዲዬሽን ላቦራቶሪ ግንባር ቀደም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1958 ሲይሞር ኮን የተባለ ተመራማሪ ጎን ለጎን በተዘረጉ መስመሮች የሚሠራ ማጣሪያ የሚነደፍበትን ስሌት አቀረበ። በ1964 ማታይ፣ ያንግና ጆንስ ያሳተሙት ወፍራም መጽሐፍ የዘርፉ መመሪያ ሆነ፤ ነዳፊዎች ዛሬም ይገልጡታል። በ1969 ዩልየስ ላንገ በስሙ የሚጠራውን ኮፕለር ሠራ። በ1972 ክሪስታልና ፍራንክል ሬዞናተሮቹን እንደ ፀጉር መያዣ ሽቦ አጥፎ ቦታ የሚቆጥበውን ንድፍ በስሌት አጠናከሩት።

ማነስና መስፋት ለምን ይጣላሉ?

የዚህ ሙያ ፈተና በሁለት ቃላት ይጠቃለላል፤ አነስተኛ መጠንና ሰፊ ባንድ። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።

የመጠኑ ጉዳይ ከሞገዱ ርዝመት ጋር የተያያዘ ነው። ሞገድ በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ በ900 ሜጋኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኞቹ ማጣሪያዎችና ኮፕለሮች የሚሠሩት በሞገድ ርዝመት ሩብ ወይም ግማሽ ስለሆነ፣ ሩቡ ብቻ በአየር ላይ 83 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ በእጅ ስልክ ውስጥ አይገባም።

የባንድ ስፋት ደግሞ በመቶኛ ይለካል። የባንዱ ስፋት ለመሃሉ ድግግሞሽ ሲካፈል መቶኛው ይገኛል። ከ880 እስከ 915 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ 4 በመቶ ገደማ ነው። ከ1.7 እስከ 2.7 ጊጋኸርዝ ያሉትን በርካታ የስልክ አገልግሎቶች በአንድ ላይ ለማሳለፍ ግን 45 በመቶ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2002 ለአጭር ርቀት ግንኙነት የፈቀደው ከ3.1 እስከ 10.6 ጊጋኸርዝ ያለው እጅግ ሰፊ ባንድ ደግሞ ወደ 110 በመቶ ይደርሳል።

ባንድ እንዲሰፋ ሬዞናተሮቹ እጅግ መቀራረብ አለባቸው። በርካሽ የሰሌዳ ማምረቻ ግን በሁለት የመዳብ መስመሮች መካከል ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት መተው ያስቸግራል። መስመር ሲታጠፍና ሲቀጥን ደግሞ የኃይል ብክነቱ ይጨምራል። ስለዚህ ነዳፊው በአንድ በኩል ያተረፈውን በሌላ በኩል ይከፍላል።

አምስቱ የማሳነሻ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ሞገዱን ማዘግየት ነው። ሞገድ ከአየር ይልቅ በሴራሚክ ወይም በመስታወት ጭረትና በሙጫ በተሠራ ሰሌዳ ላይ ሲጓዝ ይዘገያል፤ ርዝመቱም ያጥራል። ኤፍ አር 4 በሚባለው የተለመደ ሰሌዳ ላይ የ900 ሜጋኸርዝ ሩብ ሞገድ ከ83 ወደ 46 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል።

ሁለተኛው ማጠፍ ነው። ረጅም ገመድ ተጠቅልሎ በትንሽ ቦታ እንደሚቀመጥ ሁሉ የመዳብ መስመሩም እየተጣጠፈ ይዘረጋል። ሆኖም የታጠፉት ክንዶች እርስ በርስ እንዳይነካኩና የማይፈለግ ትስስር እንዳይፈጥሩ ጥንቃቄ ይሻል።

ሦስተኛው መስመሩን በአንድ ቦታ ማስፋትና በሌላ ቦታ ማቅጠን ነው። በሰፊውና በቀጭኑ መካከል ያለው ልዩነት ሬዞናተሩ አጭር ሆኖ ሳለ እንደ ረጅም እንዲርገበገብ ያደርገዋል። ቅርንጫፍ መስመሮችን በመጨመርም ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል።

አራተኛው አንድን ሬዞናተር ብዙ ቃና ማሠራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዡ፣ ሰንና ሜንዝል ያቀረቡት ንድፍ በአንድ ሬዞናተር ውስጥ የሚፈጠሩትን በርካታ እርግብግቢቶች በሰፊው ባንድ ላይ አዳረሳቸው። በዚህ መንገድ አንድ ሬዞናተር የበርካቶችን ሥራ ሠራ፤ ስፋትና ማነስም በአንድ ጊዜ ተገኙ።

አምስተኛው ወደ ላይ መደራረብ ነው። በከተማ መሬት ሲጠብ ፎቅ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ስስ የሴራሚክ ንብርብሮች እየተደራረቡ አንድ ላይ ይጠበሳሉ። በየንብርብሩ የታተሙት መስመሮች የሩዝ ፍሬ በምታህል ዕቃ ውስጥ ሙሉ ማጣሪያ ይሆናሉ።

በእጅ ስልክ ውስጥ ከእነዚህ የተለየ መፍትሔም አለ። የራዲዮው ሞገድ በክሪስታል ላይ ወደ ድምፅ መሰል እርግብግቢት ይለወጣል። ይህ እርግብግቢት ከራዲዮ ሞገድ በአሥር ሺዎች እጥፍ ስለሚዘገይ ማጣሪያው እጅግ ያንሳል። ለጠባብ ባንድ ተመራጭ ነው፤ ለሰፊ ባንድ ግን ይቸገራል። ስለዚህም የሴራሚኩ ማጣሪያ ቦታውን አልለቀቀም።

ንድፉ ደረጃ በደረጃ

ከ1.7 እስከ 2.7 ጊጋኸርዝ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ይፈለጋል እንበል። የመጀመሪያው እርምጃ መሥፈርቱን መጻፍ ነው። የመሃሉ ድግግሞሽ 2.2 ጊጋኸርዝ ነው። ከባንዱ ውጭ ያለው ምን ያህል ይታገድ? በባንዱ ውስጥ ምን ያህል ብክነት ይፈቀድ? ስንት ቦታ አለ? ዋጋው ስንት ይሁን? እነዚህ ሳይመለሱ ወደ ስሌት መግባት ማሳውን ሳይለኩ ዘር እንደ መግዛት ነው።

ቀጥሎ የሬዞናተሮቹ ቁጥር ከታወቁ የሒሳብ ቀመሮች ይሰላል። የባተርዎርዝ ቀመር በባንዱ ውስጥ ለስላሳ ምላሽ ይሰጣል። የቼቢሼቭ ቀመር በባንዱ ውስጥ ጥቂት ማዕበል ፈቅዶ ድንበሩን ያጠብቃል።

ከዚያም ቅርጹ ይመረጣል። በ2.2 ጊጋኸርዝ ሩብ ሞገድ በአየር ላይ 34 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ አር 4 ሰሌዳ ላይ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኮን ያቀረበው የጎን ለጎን መስመር አምስት ሬዞናተር ቢኖረው ስድስት ሩብ ሞገድ፣ ማለትም 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በ45 በመቶ ስፋት ደግሞ የሚጠይቀው ክፍተት ለማምረት ይጠብባል። ስለዚህ ለሰፊ ባንድ የሚስማማው ሌላ ቅርጽ ነው፤ በዋናው መስመር ላይ በሩብ ሞገድ ርቀት የተተከሉና ጫፋቸው ከምድር መስመር ጋር የተገናኘ ሩብ ሞገድ ቅርንጫፎች። እነዚህን ማጠፍ ቦታ ይቆጥባል።

ኮፕለርም ቢሆን በተመሳሳይ መንገድ ይነደፋል። አራት ሩብ ሞገድ ክንዶች ያሉት አራት ማዕዘን ኮፕለር ሁለቱ ክንዶቹ 50 ኦም፣ ሁለቱ ደግሞ 35 ኦም ገደማ ይሆናሉ። በአንዱ በር የገባው ኃይል በሁለት በሮች እኩል ተከፍሎ ይወጣል፤ አራተኛው በር ባዶ ይሆናል። በ900 ሜጋኸርዝ በኤፍ አር 4 ላይ የአንዱ ጎን ርዝመት 46 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ማጠፍ ግድ ይላል። የሚሠራበት ባንድም ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለማስፋት ሌላ አራት ማዕዘን ይቀጠልለታል። አለዚያም ላንገ እንዳደረገው እንደ ሁለት እጅ ጣቶች የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ይተካሉ።

በመጨረሻ ንድፉ በኮምፒውተር ላይ በማስመሰያ ፕሮግራም ይፈተሻል። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን መታጠፊያና ክፍተት ውጤት ያሳያል። ነዳፊው ልኬቶቹን በአሥረኛ ሚሊ ሜትር እየቀያየረ ወደ መሥፈርቱ ያቀርበዋል።

ከወረቀት ወደ ሰሌዳ

የተሠራው ማጣሪያ በኔትወርክ አናላይዘር ይለካል። ይህ መሣሪያ ሞገድ ወደ አንዱ በር ልኮ ምን ያህሉ እንዳለፈና ምን ያህሉ እንደተመለሰ በየድግግሞሹ ያሳያል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተሩ ጥቂት ይለያል። ምክንያቱም የርካሽ ሰሌዳ ባሕርይ ከምርት ምርት ይለዋወጣል። ሞገዱን የማዘግየት አቅሙ በ5 በመቶ ቢዛነፍ ድግግሞሹ በ2 በመቶ ገደማ ይሸሻል፤ በ2.2 ጊጋኸርዝ ላይ ይህ ከ40 ሜጋኸርዝ በላይ ነው። ስለዚህ ጥራት ለሚጠይቅ ሥራ ዋጋው ከፍ ያለ፣ ባሕርዩ የተረጋጋ ሰሌዳ ይመረጣል።

ብዙ ኃይል ለሚያስተላልፍ ማማ ደግሞ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ አይበቃም። በዚያ የሚገኘው ውስጡ ብር የተቀባ የአሉሚኒየም ሣጥን ነው፤ በክፍሎቹ ክዳን ላይ ያሉት ብሎኖች እየዞሩ ቃናው ይስተካከላል።

ለገጠርና ለከተማ ነዋሪ ምን ያገባዋል?

የማጣሪያ ጉድለት የሚያስከትለው ጉዳት ከስልክ ጥሪ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በአሜሪካ ከ3.7 ጊጋኸርዝ ጀምሮ ባለው ባንድ አዲስ የ5ጂ አገልግሎት ሲጀመር፣ ከ4.2 እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ የአውሮፕላን ከፍታ መለኪያዎች እንዳይታወኩ ስጋት ተፈጠረ። በአውሮፕላን ማረፊያዎች አካባቢ አገልግሎቱ እንዲዘገይ ተደረገ፤ አየር መንገዶችም በከፍታ መለኪያዎቻቸው ላይ ማጣሪያ እንዲጨምሩ ወይም እንዲቀይሯቸው ግድ ሆነ። በሲ ባንድ የሚሠሩ ትላልቅ የሳተላይት ዲሾችም ተመሳሳይ ችግር ያጋጥማቸዋል። መፍትሔውም በዲሹ መቀበያ አፍና በማጉያው መካከል የሚገጠም ማጣሪያ ነው።

ለግብርና ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ቅርብ ነው። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ያመጠቀው ስሞስ፣ ናሳም በ2015 ያመጠቀው ስማፕ የተባሉ ሳተላይቶች የአፈርን እርጥበት ከጠፈር ይለካሉ። አፈር በ1.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚያወጣውን እጅግ ደካማ ሞገድ ተቀብለው የላይኛውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እርጥበት ይገምታሉ። ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ ማንም እንዳያስተላልፍበት በዓለም አቀፍ ደንብ የተከለለ ነው። ሆኖም ስሞስ ሥራ ሲጀምር በብዙ አገሮች ሕገ ወጥ ወይም ወደዚህ ባንድ የሚያፈስሱ አስተላላፊዎችን አገኘ። በዚያ አካባቢ ያለው የእርጥበት መረጃ ተበላሸ። ስለ ድርቅ ቀድሞ ለማወቅ የሚረዳ መረጃ የማጣሪያ ጉድለት ባለበት አስተላላፊ ምክንያት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

በከተሞችም ደካማ የስልክ መስመርን ለማጠንከር ያለ ፈቃድ የሚገጠሙ ማጉያዎች አሉ። ርካሾቹ በቂ ማጣሪያ ስለሌላቸው ከሚፈለገው ባንድ ውጭ ያለውን ጫጫታም አጉልተው ወደ ማማው ይልካሉ። የገጠመው ሰው ለጊዜው ጥሩ መስመር ያገኝ ይሆናል፤ የጎረቤቶቹ ጥሪ ግን ይቆራረጣል። ማማውም በጫጫታው ምክንያት የሩቅ ደዋዮችን መስማት ያቅተዋል። ስለዚህ የመስመር ችግር ያለበት ነዋሪ ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት እንጂ ያልተፈቀደ ማጉያ መግዛት አይገባውም። በማማ አጥር ውስጥ ገብቶ ኬብልና ማያያዣ መነካካትም አደገኛ ነው፤ የላላ ወይም የዛገ ማያያዣ አላስፈላጊ ሞገድ ስለሚፈጥር የብዙ ቀበሌዎችን አገልግሎት ያውካል።

ማጣሪያና ኮፕለር ከዓይን የተሰወሩ ዕቃዎች ናቸው። የመዳብ መስመር ርዝመት፣ የአሥረኛ ሚሊ ሜትር ክፍተትና የሰሌዳ ጥራት ተደምረው ግን የአንድ አርሶ አደር ጥያቄ ከማሳው ዳር ተነሥቶ ባለሙያው ዘንድ መድረሱን ይወስናሉ። ወንፊቱ ጥሩ ሲሆን ዱቄቱ ይጠራል፤ ማጣሪያው ጥሩ ሲሆንም የሩቁ ድምፅ ይሰማል።